አል-ጀዘሪ፦ ሰዓት ሠርተው አሠራሩን ለትውልድ ያቆዩ ሙስሊም መሐንዲስ

በብዙ መስጂዶቻችን ሚሕራብ አጠገብ የአምስቱን ሰላቶች ወቅት በቀይ ወይም በአረንጓዴ ቁጥር የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ተሰቅሎ እናያለን። ወቅቱ ሲገባ ድምፅ ያሰማል፤ ሙአዚኑም ዓይኑን ወደዚያው ይጥላል። ሰዓቱ በተበላሸ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ወርዶ ጥግ ይቀመጣል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝምና ሌላ እስኪገዛ ይጠበቃል።

ከ800 ዓመታት በፊት የዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ በሆነችው ምድር አንድ ሙስሊም መሐንዲስ ይህን ችግር በሁለት መንገድ ታግለውታል። አንደኛ ሰዓትን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። ሁለተኛ ሌላው ሰው እንዲሠራው፣ ሲበላሽም እንዲጠግነው፣ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕልና በመጠን ጽፈው አቆይተዋል። እኚህ ሰው በዲዑዝ-ዘማን አቡል-ዒዝ ኢስማዒል ኢብኑ አር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ናቸው። በዲዑዝ-ዘማን የሚለው መጠሪያ የዘመኑ ድንቅ እንደማለት ነው።

በሁለቱ ወንዞች መካከል

አል-ጀዘሪ የተባሉት አል-ጀዚራ በሚባለው ምድር ነው። ዐረቦች በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ያለውን የላይኛውን አገር በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ስለ ሕይወታቸው የሚታወቀው በዋናነት ራሳቸው በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ያሰፈሩት ነው። በዚያ መሠረት በ577 ሂጅራ ማለትም በ1181 ወይም 1182 እ.ኤ.አ. የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት ገዥዎችን ማገልገል ጀመሩ። በቅድሚያ ኑረዲን ሙሐመድን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን ቁጥቡዲን ሱክማንን፣ በመጨረሻም የሱክማንን ወንድም ናሲረዲን ማሕሙድን አገለገሉ። ዘመኑ የሰላሑዲን አል-አዩቢ ዘመን ነው። ዛሬ ዲያርባኪር የምትባለውን የአሚድ ከተማ በ1183 እ.ኤ.አ. ይዘው ለኑረዲን ሙሐመድ የሰጡት ሰላሑዲን ናቸው። የአል-ጀዘሪ ዋና የሥራ ቦታም ይህችው ከተማ ሆነች።

ሥልጣናቸው የሥራዎች አለቃ የሚል ነበር። ይህ ዛሬ ዋና መሐንዲስ እንደምንለው ነው። ሆኖም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝ አለቃ አልነበሩም። ነሐስ ያቀልጣሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ፣ ቧንቧ ይበይዳሉ፣ የውሃ ቀዳዳ ይለካሉ። 25 ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ላይ እንዳሉ ሱልጣን ናሲረዲን ማሕሙድ ከሠሯቸው ነገሮች አንዱን አይተው ተደነቁ። ይህ ሁሉ ድካም ከሠሪው ጋር እንዳይጠፋ በመጽሐፍ እንዲያሰፍሩትም ጠየቋቸው። በጠቃሚ ዕውቀትና በተግባር መካከል ያለውን ትስስር የሚያሳየው ታላቁ መጽሐፋቸው የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መጽሐፉ 50 መሣሪያዎችን በ6 ክፍል መድቦ ያብራራል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሰዓት ሲሆን 10 ሰዓቶችን ይዟል፤ 6ቱ በውሃ፣ 4ቱ በሻማ የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ በእጅ ካሉት ቅጂዎች ቀዳሚው የተገለበጠው በ602 ሂጅራ፣ በ1206 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢስታንቡል ውስጥ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የእርሳቸው 6 ሰዓት የእኛ 6 ሰዓት ነው

ከሰዓቶቻቸው ሁሉ ትልቁ የቤተ መንግሥት በር መልክ ያለው ነው። ከላይ የ12ቱ ቡርጆች ክበብ ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር ይታያል። ከሥሩ ሁለት ረድፍ በሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 12 በር። አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር በሩ ይከፈትና ምስል ይወጣል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጭልፊቶችም ከአፋቸው የነሐስ ኳስ ወደ ዕቃ ይጥላሉ፤ ዕቃውም ይጮኻል። በ6፣ በ9 እና በ12 ሰዓት ደግሞ የከበሮ መቺዎች፣ የመለከት ነፊዎችና የጽናጽል መቺ ምስሎች ድምፅ ያሰማሉ። ሌሊት ሌሊት 12 ክብ መስታወቶች ከኋላቸው በመብራት ተራ በተራ እየበሩ ሰዓቱን ያመለክታሉ።

አንድ አውሮፓዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ 6 ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ማስረጃ መፈለግ አለበት። የቆቦ፣ የወልድያ ወይም የደሴ ሰው ግን መተርጎም አያስፈልገውም። የአል-ጀዘሪ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ እኩል ይሆናል፤ ዙህርም ይቃረባል። 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቅና መግሪብ ይገባል። እኛ ዛሬም ሰዓትን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ስለዚህ የእኝህን ሰው ሰዓት በአቆጣጠር ረገድ ከማንም በላይ እንረዳዋለን።

ልዩነቱ ያለው በሰዓቱ ርዝመት ላይ ነው። የጥንቶቹ ሰዓት ሠሪዎች ቀኑ ረዘመም አጠረም ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለውን ጊዜ ለ12 እኩል ይከፍሉታል። በእኛ አገር ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በቆቦ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ የታኅሣሥ ቀን ደግሞ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ለ12 ብንከፍለው አንዱ ሰዓት በሰኔ 64 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ 57 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ዲያርባኪር ግን ወደ ሰሜን የራቀች ናት። ቀኗ በበጋ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ በክረምቷ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። አንዱ ሰዓት በበጋ 74 ደቂቃ፣ በክረምት 48 ደቂቃ ሊሆን ነው። ስለዚህ የአል-ጀዘሪ ሰዓት ፍጥነቱን በየቀኑ መለወጥ ነበረበት።

ይህ እንዴት ተቻለ? ውሃ ከአንድ ጋን በቀዳዳ ሲወርድ ጋኑ ሙሉ በሆነ ጊዜ ይፈጥናል፣ ሲጎድል ይዘገያል። ሰዓቱም ጠዋት ይሮጣል፣ ማታ ያዘግማል ማለት ነው። አል-ጀዘሪ በትልቁ ጋንና በቀዳዳው መካከል አነስተኛ ዕቃ አስገቡ። በዚያ ዕቃ ላይ ተንሳፋፊ አለ፤ ተንሳፋፊው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ መድፈኛ ይዟል። ውሃው ከፍ ሲል መድፈኛው የመግቢያውን አፍ ይዘጋል፤ ዝቅ ሲል ይከፍታል። በዚህ መንገድ የውሃው ልክ ምንጊዜም እኩል ይሆናል። የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከራችን ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመው ኳስ ያለው መክፈቻም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመውጫውን ቀዳዳ በሚዞር ሳህን ላይ አደረጉት። ሳህኑ በቡርጆችና በቀናት ተከፋፍሏል። የዕለቱን ምልክት ይዘው ሲያዞሩት ቀዳዳው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ የውሃው ፍጥነትም በዚያው ልክ ይለወጣል። ይህን በሚሠሩበት ጊዜ በመጀመሪያ ከጥንት ሊቃውንት የተወረሰውን ንድፍ ሞከሩ። ልክ አልመጣም። ሌላም ሞከሩ፤ እርሱም አልሠራም። በመጨረሻ ሙሉ ክብ ሳህን ሠርተው እያንዳንዱን ምልክት በተደጋጋሚ ልኬት አስተካከሉት። ስመ ጥር ሰው የጻፈው ቢሆንም እንኳ በተግባር ካልተረጋገጠ አልተቀበሉትም።

ዝሆኑ

በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወቁት በዝሆን ቅርጽ በሠሩት ሰዓት ነው። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ ውሃ የሞላ ጋን አለ። በውሃው ላይ ሥሩ የተበሳ ሳህን ይንሳፈፋል። ውሃ በቀዳዳው ቀስ እያለ እየገባ በትክክል ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሳህኑ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ገመድ ይስባል፤ ከላይ ካለው ጎጆ ኳስ ይለቀቃል። ኳሱ ከጭልፊቱ አፍ ወደ እባቡ አፍ ይወድቃል፤ እባቡ በክብደቱ ወደ ታች ሲያዘነብል የሰመጠውን ሳህን ጎትቶ ያወጣዋል። ኳሱ ወርዶ ድምፅ ያሰማል፣ የዝሆኑ ነጂም እጁን ያነሳል። እባቡ ወደ ቦታው ሲመለስ ሳህኑ እንደገና መሙላት ይጀምራል። ኳሶቹ እስካላለቁ ድረስ ማንም ሳይነካው ራሱን ያስነሳል።

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ምስል በተመለከተ የፊቅህ ዑለማዎች ያሉት የታወቀ ነው፤ እነዚህ ሥራዎችም ለቤተ መንግሥት የተሠሩ ናቸው። እኛ የምንማረው ከስልቱ ነው። በዝሆኑ ውስጥ የሕንድ፣ የቻይና፣ የግሪክና የዐረብ ዕውቀት ተገናኝቷል። አል-ጀዘሪ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን አልካዱም፤ የተቀበሉትን ጠቅሰው የጨመሩትን አስረድተዋል።

ከሰዓት ባሻገር

ሱልጣን ማሕሙድ ዉዱእ ሲያደርጉ አገልጋይ ቆሞ ውሃ እንዲያፈስላቸው አይወዱም ነበር። አል-ጀዘሪ ያንን ሰምተው ውሃውን በልክ የሚያፈስ፣ ሲያበቃም ፎጣ የሚያቀርብ መሣሪያ ሠሩላቸው። በፊደላት ቅንጅት የሚከፈት ቁልፍና የቤተ መንግሥት የነሐስ በርም ከሥራዎቻቸው ይገኙበታል።

ለራያ ገበሬ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ስለ ውሃ ማውጫ የጻፉት ክፍል ነው። እዚያ 5 መሣሪያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ በወንዝ ጉልበት በሚዞር መንኮራኩር የሚሠራ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ፓምፕ ነው፤ አንዱ ፒስተን ሲስብ ሌላው ይገፋል። ዝውውርን ወደ ምልልስ የሚለውጠውን ክራንክም በውሃ ማውጫዎቻቸው ውስጥ እናገኘዋለን። የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን የሚያጠጣ፣ በቆቦና ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በፓምፕ ውሃ የሚያወጣ ሕዝብ የዚህን ዕውቀት ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም።

የደማስቆው ሰዓት ለምን ቆመ?

አል-ጀዘሪ ያንን መጽሐፍ በዚያ ዝርዝር መጻፋቸው ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በደማስቆ፣ በኡመውያ መስጂድ የጀይሩን በር ላይ፣ በኑረዲን ዘንጊ ዘመን ሙሐመድ አስ-ሳዓቲ የተባሉ ባለሙያ ትልቅ የውሃ ሰዓት ሠርተው ነበር። መንገደኛው ኢብኑ ጁበይር በ1184 እ.ኤ.አ. አይተው ተደንቀውበታል። ሠሪው ከሞቱ በኋላ ግን ሰዓቱ ተበላሸ። ሌሎች ሊጠግኑት ሞክረው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ልጃቸው ሪድዋን አስተካክለው በ1203 እ.ኤ.አ. ስለ አሠራሩ መጽሐፍ ጻፉ። ልጅ ባይኖር ኖሮ የመስጂዱ ሰዓት እዚያው በር ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

አል-ጀዘሪ በተመሳሳይ ዓመታት ይህን ክፍተት ዘጉት። ንድፉን በመጀመሪያ በወረቀት ቅድ ሠርቶ ማየትን፣ እንጨት እንዳይጣመም ሳንቃዎችን ደራርቦ ማጣበቅን፣ መንኮራኩር ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማስተካከልን፣ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስን፣ ቫልቭ ውሃ እንዳያሾልክ መቀመጫውንና መድፈኛውን በሻካራ ዱቄት አንድ ላይ መፈተግን ሁሉ አስቀመጡ። በሥዕሎቻቸው ላይ ክፍሎቹን በፊደል ምልክት አድርገው በጽሑፉ ውስጥ በዚያው ፊደል ያብራራሉ። ጥበቡን ደብቀው ቢይዙት የሚያስቀናቸው አልነበረም፤ እነርሱ ግን ገልጠው ሰጡት። ዶናልድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ መጽሐፉን በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትልቁ የቤተ መንግሥት ሰዓት ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም እንደገና ተሠራ። ሠሪያቸው ካለፉ ከ770 ዓመት በኋላ ሰዓቱ ሠራ ማለት ነው።

ዛሬ ቆቦ ላይ ሰዓት መሥራት

በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተበላሸ ሬዲዮና ስልክ የሚፈታታ ልጅ ያላየሁበት ክፍል የለም። ብዙ ጊዜ ይህ ልጅ ዕቃ አበላሽ ይባላል። ሆኖም ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት መሥራት ለእንዲህ ያለ ወጣት ከአቅም በላይ አይደለም፤ የሚያስፈልጉትም ነገሮች ከአል-ጀዘሪ ሰዓት ክፍሎች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

እኩል የሚፈስ ውሃ በነበረበት ቦታ ዛሬ የኳርትዝ ክሪስታል አለ። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ብንከፍለው በትክክል 1 ይመጣል፤ አንድ ሰከንድ የሚገኘው እንዲህ ነው። ዲኤስ 3231 የሚባለው ሰዓት ጠባቂ ቺፕ ይህን ሥራ ሙቀትና ቅዝቃዜን እያስተካከለ ይሠራል፤ በዓመት የሚስተው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። መብራት በሚጠፋበት ጊዜም በትንሿ ክብ ባትሪ ቆጠራውን ይቀጥላል። በበሮቹ ምትክ የኤልኢዲ ቁጥሮች፣ በኳሱና በዕቃው ምትክ ትንሽ ደወል አሉ። በየቀኑ የሚዞረውን ሳህን ሥራ ደግሞ እንደ አርዱይኖ ባለ ማይክሮኮንትሮለር ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ይሠራዋል። ፕሮግራሙ ከዓለም አቀፉ አቆጣጠር 6 ሰዓት ቀንሶ በእኛ ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ኃይሉም የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ቮልት ስለሆነ ለጀማሪ አያሰጋም።

አንድ ሰው ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰዓት እያለ ለምን ይደክማል? መልሱ ከሰላታችንና ከጾማችን ጋር የተያያዘ ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 3 ዲግሪ ያህል፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 1 ዲግሪ ገደማ ትርቃለች። በምሥራቅ በመሆኗ ብቻ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድማ ነው። ወደ ሰሜን መሆኗ ሲጨመርበት ልዩነቱ በየወቅቱ ይለያያል። በታኅሣሥ መግሪብ ቆቦ ላይ የሚገባው ከአዲስ አበባ 9 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። በሰኔ ግን ተገልብጦ 2 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ፈጅር ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጣ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በሰኔ በዋለ ረመዷን ለአዲስ አበባ በተሞላ ሰዓት የሚመራ የቆቦ ጿሚ ፈጅር ከገባ በኋላ ሱሑር ሊበላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሊያፈጥር ይችላል።

ከገበያ የሚገዛው ሰዓት በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ከተሞች ብቻ የያዘ ከሆነ ቆቦን፣ ዞብልን ወይም ሮቢትን አያውቃቸውም። በእጁ የሠራው ወጣት ግን የከተማውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ራሱ ያስገባል። ስሌቱን ሠርቶ ከሰቀለው በኋላም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ፣ ጥላ ሲያጥርና ሲረዝም እያየ ያመሳክረዋል፤ ከኢማሙና ከሙአዚኑ ጋርም ይነጋገርበታል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ስላለ ፀሐይዋ ለዓይን የምትታየው ከስሌቱ ዘግይታ እንደሆነም ያስተውላል። አል-ጀዘሪ የጥንቱን ንድፍ በውሃ እንደፈተኑት እርሱም ስሌቱን በሰማይ ይፈትነዋል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የሽቦውን አቀማመጥ በወረቀት ሥሎ፣ ፕሮግራሙን ገልብጦ፣ ሲበላሽ የትኛው ክፍል እንደሚለወጥ ጽፎ ከመስጂዱ መዝገብ ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል። እርሱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ታናሹ ወረቀቱን ይዞ ይጠግነዋል። የጀይሩን በር ሰዓት ያጣው ይህን ወረቀት ነበር።

ሰላት በወቅቱ የተደነገገ ግዴታ ነው፤ ወቅትን መጠበቅም አማና ነው። አል-ጀዘሪ ንጉሥ ባለበት አዳራሽ የሠሯቸው የነሐስ ጭልፊቶች ዛሬ የሉም፤ የአርቱቆች መንግሥትም አልፏል። የቀረው የጻፉት ነው። በመስጂዳችን ጥግ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰዓት ካለ፣ በሰፈራችንም መፍቻ የማይለየው ልጅ ካለ፣ ሁለቱን ማገናኘት ከዛሬ ይጀምራል። አላህ ለአል-ጀዘሪ ይዘንላቸው፤ ልጆቻችንንም ጠቃሚ ዕውቀትን ከተግባር ጋር ከሚያጣምሩት ያድርጋቸው። አሚን።